«ቦታ የለም» የሚለው ኮምፒዩተር ምን ማለቱ ነው?

የሒሳብ መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር የማሽኑን አነጋገር መረዳትም የንግድ ሥራ አካል ይሆናል። ጃጁራ ላይ ስንዴ ሰብስቦ ወደ ሆሳዕና የሚልክ ነጋዴ፣ ሊነክስ በተጫነበት ኮምፒዩተሩ የገበያ ቀን ሽያጩን ሊመዘግብ ሲል «በመሣሪያው ላይ ቦታ የለም» የሚል መልእክት መጣበት እንበል። የመጀመሪያ ሐሳቡ አዲስ ዲስክ መግዛት ነው። ዲስኩ ግን ግማሹ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤክስት4 የተባለው የሊነክስ የፋይል አደረጃጀት ለእያንዳንዱ ፋይል «አይኖድ» የሚባል መዝገብ ይይዛል። የአይኖዶቹ ብዛት የሚወሰነው ዲስኩ መጀመሪያ ፎርማት ሲደረግ ሲሆን በተለመደው አሠራር ለ16 ኪሎባይት አንድ ነው። ስለዚህ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ፋይሎች የሚፈጥር ፕሮግራም አይኖዶቹን ከቦታው ቀድሞ ይጨርሳል። መጋዘኑ ግማሹ ባዶ ሆኖ ሳለ የሞዴል 19 ጥራዝ በማለቁ ዕቃ አልገባም እንደማለት ነው። ማሽኑ ግን ለሁለቱም ችግር ያንኑ የስሕተት ቁጥር 28 ይሰጣል። (ቁጥር 117 ደግሞ «መዋቅሩ ጽዳት ያስፈልገዋል» ይላል፤ የፋይል መዋቅሩ ተበላሽቷል ማለት እንጂ ጨርቅ የሚያስፈልገው ጉዳይ አይደለም።)

መልእክቱን ግልጽ የሚያደርግ የኮድ ማሻሻያ፣ በሙያው አነጋገር «ፓች»፣ ጥቂት መስመር ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ልማዱ ሌላ ባለሙያ እንዲመረምረው ነው። መርማሪው በቅድሚያ የሚጠይቀው አዲሱ ቃል በሁሉም አጋጣሚ እውነት መሆኑን ነው፤ በውሸት ግልጽ የሆነ መልእክት ከደብዛዛው የከፋ ነው። ቁጥር 28ን የሚጠብቁ ሌሎች ፕሮግራሞች ስላሉ ቁጥሩ እንዲለወጥ አይፈቅድም። መልእክቱ በየሰከንዱ እየተደጋገመ የሞላውን ዲስክ ይበልጥ እንዳይሞላውም ያያል።

ጥንቃቄው ከንቱ አይደለም። ከመጋቢት 6 ወደ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ያወጡበት ችግር፣ ብሔራዊ ባንክ እንደገለጸው የተፈጠረው በጥገናና ፍተሻ ሥራ ወቅት ነበር።

የጃጁራው ነጋዴ ዲስክ ከመግዛቱ በፊት ቴክኒሺያኑን ያስጠራ። «ዲኤፍ» የተባለው ትእዛዝ የቀረውን ቦታ፣ «አይ» የሚለው ፊደል ሲጨመርበት ደግሞ የቀሩትን አይኖዶች ያሳያል። ያለቁት አይኖዶቹ ከሆኑ የቆዩትን ጥቃቅን ፋይሎች ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጦ ከዚህኛው መሰረዝ ይበቃዋል።