ከማዘዣው ጋር የሚነገረው ቃል፦ ሐኪሞቻችን፣ ጄነሪክ መድኃኒትና የኑሮ ውድነት



የዛሬው ንግግሬ ሐኪሞች ስለ ጄነሪክ መድኃኒት ያላቸውን አመለካከት ይመለከታል። አዲስ መድኃኒት ያገኘ ኩባንያ ለተወሰኑ ዓመታት ብቻውን እንዲሸጥ የሚያስችለው ፓተንት ይሰጠዋል። ዘመኑ ሲያበቃ ሌሎች ፋብሪካዎች ያንኑ ፈዋሽ ንጥረ ነገር በዚያው መጠን አዘጋጅተው ማቅረብ ይችላሉ። ጄነሪክ የምንለው ይህንን ነው፤ የመጀመሪያውን ምርምር ወጪ ስለማይሸከም ዋጋው ዝቅ ይላል።

በመንግሥት ሆስፒታሎቻችን የሚጻፉትን ማዘዣዎች ያየ ሰው ሐኪሙ ጄነሪክን ይጠራጠራል ብሎ አይገምትም። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከታዘዙት መድኃኒቶች ከ98 በመቶ በላይ የሚሆኑት በጄነሪክ ስማቸው እንደተጻፉ አሳይቷል። ግሪክ በዕዳ ቀውሷ ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሐኪሞቿን በሕግ ያስገደደችበትን አጻጻፍ የእኛዎቹ ያለ ግርግር ይሠሩበታል ማለት ነው። እኔ እንደምታዘበው ግን ጥርጣሬው ያለው ማዘዣው ሲሰጥ በሚነገረው ቃል ውስጥ ነው፦ «ቢቻል የአውሮፓውን ይፈልጉ»፤ «የሕንዱን እንዳይሰጡዎት»፤ «ከዚህ አይግዙ፣ ደሴ ያስመጡ»። ይህንን ቃል የትኛውም ጥናት አይቆጥረውም።

ቃሉ ጎብዬ ሲደርስ ምን እንደሚያስከትል እንመልከት። ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። በአካባቢዋ ያለው ገበሬ ማሽላና ጤፍ ያመርታል፤ ጥሬ ገንዘብ የሚያገኘው እህሉን ወይም ፍየሉን ገበያ ሲያወጣ ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደጋግሞ በደረሰበት በዚህ ቆላ፣ በመላው ሰሜን ወሎም፣ በርካታ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ከዚያም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ የሚገባ ነው፤ አገር ውስጥ የሚመረተውም ቢሆን ጥሬ ዕቃው በዶላር ይገዛል።

አሁን ደም ግፊት ያለበትን አንድ የጎብዬ ገበሬ እናስብ። አምሎዲፒን ታዞለታል፤ በየቀኑ፣ ምናልባትም ዕድሜ ልኩን የሚወስደው ነው። የሐኪሙን ቃል አክብሮ ውዱን ቢገዛ አንድ ወይም ሁለት ወር ይችል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ለቀጣዩ ክረምት ዘርና ለልጆቹ ቀለብ ሲል ያቆማል። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው የሚነጻጸረው ርካሹን ከሚወስድ ሰው ጋር ነው፤ እርሱ ግን አሁን ምንም አይወስድም። በአንጎሉ የደም ሥር ላይ የሚደርሰውን አደጋ የክኒኑ አገር አይከላከልለትም።

ሐኪሞቹ ይህን የሚሉት ያለ ምክንያት ነው ማለቴ አይደለም። አንዱ ምክንያት የቁጥር አለመግባባት ነው፤ ተማሪዎችም ዘወትር ይጠይቁኛል። «ጄነሪክ ከ80 እስከ 125 በመቶ ከሆነ ይፈቀዳል» ሲባል ክኒኑ በ20 በመቶ ሊጎድል የሚችል ይመስላቸዋል። ገደቡ ግን የሚመለከተው መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባበት መጠን ከመጀመሪያው ምርት ጋር ሲነጻጸር የሚገኘውን የ90 በመቶ የመተማመኛ ክልል ነው። ክልሉ ከዳር እስከ ዳር በገደቡ ውስጥ ማረፍ ስላለበት አማካዩ ወደ 100 መጠጋት ይኖርበታል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ባለሙያዎች 2,070 ንጽጽሮችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሥራ፣ በደም ውስጥ በሚገባው ጠቅላላ መጠን ላይ የታየው አማካይ ልዩነት 3.5 በመቶ ገደማ ነበር። እንደ ዋርፋሪንና ፊኒቶይን ባሉ፣ በሚፈውሰውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ በሆነባቸው መድኃኒቶች ላይ ግን የሐኪሙ ጥንቃቄ ተገቢ ነው። በእነርሱም ቢሆን ቁም ነገሩ በሽተኛውን ከአንድ ምርት ወደ ሌላ ያለ ክትትል አለማዘዋወር ነው፤ ውዱን ማሳደድ አይደለም።

ሌላው ምክንያት ይበልጥ ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳስታወቀው በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ከ10 የሕክምና ምርቶች አንዱ ከደረጃ በታች ወይም የተጭበረበረ ነው። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ጄነሪክ ከመሆኑ ጋር ምን አገናኘው? አስመስሎ የሚሠራ ወንጀለኛ ትርፍ ያለበትን ይመርጣል፤ ስመ ጥሩውና ውዱም ይስበዋል። «የአውሮፓውን ይፈልጉ» የተባለ ሰው ከጤና ጣቢያው መደርደሪያ ተነሥቶ ደረሰኝ ወደማይቆረጥለት የኮንትሮባንድ ዕቃ ሊሄድ ይችላል።

እነዚሁ ሐኪሞች ጄነሪክን ያለ ቅሬታ የሚቀበሉበት ቦታም አለ። ራያ ቆላ የወባ አገር ነው። ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አገሪቱ የምትሰጠውን አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን ሐኪሙም በሽተኛውም «ኮአርተም» ይለዋል፤ ይህ የስዊሱ ኩባንያ የኖቫርቲስ ምርት ስም ቢሆንም ማሸጊያው ላይ የሕንድ ፋብሪካ ስም መገኘቱ የተለመደ ነው። የኤችአይቪ ሕክምናም እንዲሁ ነው። የሕንዱ ሲፕላ እ.ኤ.አ. በ2001 የዓመቱን መድኃኒት በ350 ዶላር አቀርባለሁ ሲል፣ የባለ ፓተንቶቹ ዋጋ ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት የጀመረው የአገራችን ሕክምናም ያለ ጄነሪክ የሚታሰብ አልነበረም። «የሕንዱን አይውሰዱ» የሚል ሐኪም በዚያ ክፍል አልሰማሁም። መድኃኒቶቹን ማን እንደመረመራቸው ያውቃላ!

ስለዚህ ሐኪሙ የሚጠራጠረው ጄነሪክን ሳይሆን በዓይኑ ያላየውን ቁጥጥር ነው ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ከሆነ ጥርጣሬው የሚሄድበት ቦታ አለው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒትን የሚቆጣጠረው ባለሥልጣን የጎንዮሽ ጉዳትንና የጥራት ጉድለትን የሚቀበልበት የሪፖርት ቅጽ አለው። «ይህ ክኒን አልሠራም» የሚል ሐኪም የፋብሪካውን ስምና የምርት ቁጥሩን መዝግቦ ቢልክ ሌሎች ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። በሽተኛው ጆሮ ላይ ብቻ ሲቀር ግን ዋጋውን የሚከፍለው ፍየሉን የሚሸጠው ሰው ነው፤ ፋብሪካውም አይሰማም፣ ተቆጣጣሪውም አያውቅም። በመጪው ሴሚስተር ወደ ጤና ጣቢያዎች የምትወጡ ተማሪዎች ቅጹን ከፋርማሲው ክፍል ጠይቁ፤ አሞላሉን የሚያሳያችሁ የፋርማሲ ባለሙያ እዚያው አለ።