ወረቀቱ ሮም፣ ምስክሩ መንዝ

ሮም ውስጥ የጣሊያን ጦር የታሪክ ክፍል መዝገብ ቤት አለ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን የዘመቱ አዛዦች ለበላዮቻቸው የላኩት ቴሌግራም፣ በእጅ የተሳለ ካርታና የውሎ ሪፖርት በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው። (እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የሚባል ወጣት የታሪክ ተመራማሪ የወረራውን የመጨረሻ ዓመታት ሲያጠና በዚህ መዝገብ ቤት አንድ ፋይል አገኘ። ፋይሉ የሚያወራው በሚያዝያ 1931 በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ በኩል ስለተካሄደ ዘመቻ ነው። ዘረት የሚባል ቦታ አለ፤ ዋሻ አለ፤ ዋሻው ውስጥ የተሸሸጉ አርበኞችና ከእነሱ ጋር የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ከዘማቾቹ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ የ«ግራናቲዬሪ ዲ ሳቮያ» ክፍለ ጦር የኬሚካል መቶ አለ።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ይበል። ዓመቱ 1931 ነው። ማይጨው ካለፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ሮም ጦርነቱ አልቋል፣ ኢትዮጵያ ጸጥ ብላለች እያለች የምታውጅበት ጊዜ ነው። የመርዝ ጋዝ ጉዳይ ከተነሳ ሰው የሚያስበው የ1928ቱን ጦርነት፣ ተከዜንና ተምቤንን ነበር። በ1931 የኬሚካል መቶ ከአንድ ዋሻ አፍ ላይ ምን ያደርጋል?

የዚህን ፋይል ክብደት ለመረዳት ከእሱ በፊት የነበረውን ረጅም ክህደት ማወቅ ያስፈልጋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ ላይ ቆመው ከአውሮፕላን ስለሚዘንበው መርዝ ለዓለም ተናግረው ነበር። ጣሊያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነት የፈረመች አገር ናት። ከጦርነቱ በኋላ ግን የጣሊያን መንግሥታትም ሆኑ የቀድሞ ዘማቾች ነገሩን ሲክዱ ኖሩ። በ1957 አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለ ጋዜጠኛና የታሪክ ጸሐፊ አዲስ አበባ መጥቶ ልዑል ራስ እምሩን አነጋገረ። ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1928 ተከዜ ዳር ያዩትን ነገሩት፦ አውሮፕላኖቹ የጣሉት ነገር እንደ ቦምብ አልፈነዳም፤ መሬት ሲነካ ተሰብሮ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ረጨ፤ የነካቸው ሰዎች እጅ፣ እግርና ፊት ወዲያው ቁስል በቁስል ሆነ።

ዴል ቦካ ይህን ቃል ይዞ ወደ ማኅደር ገባ። ሙሶሊኒ ጋዝ እንዲጣል ለጦር አዛዦቹ ለግራዚያኒና ለባዶሊዮ የሰጠውን ፈቃድ በቴሌግራሙ አረጋገጠ፤ አሳተመም። የተከፈለው ዋጋ ስድብ ነበር። ለአሥርት ዓመታት ከሃዲ እየተባለ ኖረ። ኢንድሮ ሞንታኔሊ፣ ወጣት ሳለ በኢትዮጵያ ዘምቶ የነበረው ስመ ጥር ጋዜጠኛ፣ እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ጋዝ አላየሁም እያለ ይሞግተው ነበር። ክርክሩ የተዘጋው በ1988 ነው። የመከላከያ ሚኒስትሩ ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ጋዙ ጥቅም ላይ መዋሉን ለፓርላማው በይፋ አመኑ፤ ሞንታኔሊም በጋዜጣ ይቅርታ ጠየቀ። ከተከዜ እስከዚያ ቀን 60 ዓመት አለፈ። ራስ እምሩ በሕይወት አልነበሩም።

እንግዲህ ዶሚኒዮኒ ፋይሉን ያገኘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወረቀቱ ብዙ ይናገራል፤ ግን የተጻፈው በገዳዮቹ እጅ ነው። በወረቀቱ ላይ የሞተው ሰው ቁጥር እንጂ ስም የለውም። ዋሻው ዛሬ የት እንደሆነም ከአሮጌ ካርታ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ በ1998 ራሱ ወደ መንዝ ሄደ።

የአካባቢው ሰዎች ወደ ዋሻው ወሰዱት። ስም እንኳ አውጥተውለታል፤ አመፀኛ ዋሻ ይሉታል። እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ ይህ ነጥብ ነው። በዚያ ዓመት ግንቦት የጣሊያን ጋዜጦች የማይታወቅ እልቂት ተገኘ ብለው ጻፉ። ለመንዝ ገበሬ ግን ምንም አልተገኘም፤ ዋሻውም ታሪኩም ከእሱ ዘንድ ጠፍቶ አያውቅም። ለ67 ዓመት መጥቶ የጠየቀ አልነበረም እንጂ ምስክሩ እዚያው ነበር።

የሮሙ ወረቀትና የመንዙ ሰው ቃል ሲገጣጠሙ የሆነው ነገር ግልጽ ሆነ። ወራሪው ጦር ዋሻውን ከበበ። ከውስጥ የነበሩት ታጣቂዎች ብቻ አልነበሩም፤ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ ከራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጋር የሸሹ ቤተሰቦች። እጅ አልሰጥም ሲሉ አርሲን የተባለ መርዝ የያዘ የመድፍ ጥይት ተተኮሰባቸው። ከዚያ የሰናፍጭ ጋዝ በመያዣ ተደርጎ ከገደሉ አናት በገመድ ወደ ዋሻው አፍ ወረደና እንዲፈነዳ ተደረገ። ይህ ጋዝ እንደ ጢስ በኖ አይጠፋም፤ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ስለሆነ መሬቱንና ልብሱን ይይዛል፣ ውሃን ይበክላል፤ ቆዳን ያቃጥላል፣ ዓይንን ያጠፋል፣ ሳንባን ይበላል። ዋሻ ውስጥ ሲሆን ከእሱ መሸሻ የለም። ጥቂቶች በሌሊት ከበባውን ሰብረው አመለጡ። ወጥተው እጅ ከሰጡት ውስጥ ወደ 800 የሚሆኑት ሚያዝያ 3 ቀን 1931 በመትረየስ ተረሸኑ።

ሦስተኛ ምስክር ደግሞ ማንም ካልጠበቀው ቤት መጣ። አሌሳንድሮ ቦአልዮ በዚያ የኬሚካል መቶ ውስጥ የበታች ሹም የነበረ ሰው ነው፤ ያየውንና ያደረገውን ጽፎ ትቶ ነበር። ማስታወሻው በ2002 ታትሞ ወጣ። የወታደሩ ቤተሰብ ወረቀቱን እንደ አሮጌ ነገር ጥሎት ቢሆን ኖሮ የመዝገቡን ቃል ከውስጥ የሚያረጋግጥ ባልተገኘ። ቀጥሎ አርኪኦሎጂስቶች ገቡ። አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ-ሩይባል፣ ዮናታን ሳህሌና ሹርሾ አያን ዋሻውን አጥንተው በ2003 ውጤቱን አሳተሙ። መሬቱ ላይ የሰው አጥንት፣ ቀለህ፣ የሸክላ ስባሪና ቅርጫት ነበር። ይህ የጦር ምሽግ ዕቃ አይደለም፤ የኑሮ ዕቃ ነው። የሮሙ ፋይል «አመፀኛ» ያላቸው ሰዎች ምጣዳቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው የተሰደዱ ቤተሰቦች እንደነበሩ አፈሩ ራሱ መሰከረ።

መዝገብ ያለ ሰው ቃል መጅ የሌለው ወፍጮ ነው፤ ብቻውን አይፈጭም። ይህ በፊልምና በቴሌቪዥን ላይም ይሠራል። የጣሊያን መንግሥት የፊልም ተቋም የነበረው ሉቼ በወረራው ጊዜ ለምሥራቅ አፍሪካ ልዩ ክፍል ከፍቶ ካሜራ አሠማርቶ ነበር። የዜና ፊልሞቹ ዛሬ በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ውስጥ ገብተዋል፤ ማንም በስልኩ ሊያያቸው ይችላል። መንገድ ሲሠራ፣ ድልድይ ሲመረቅ፣ ባላባት እጅ ሲነሳ ታያላችሁ። መርዝ አታዩም። ፊልሙ በጥንቃቄ የተጠበቀ ስለሆነ ብቻ እውነቱን ሁሉ ይዟል ማለት አይደለም።

የተቀረጸ ነገር ደግሞ ተቀርጾም ሊታፈን ይችላል። በ1982 ቢቢሲ «ፋሺስት ሌጋሲ» የተባለ ባለ ሁለት ክፍል ዘጋቢ ፊልም አሳየ፤ ጣሊያን በኢትዮጵያ፣ በሊቢያና በዩጎዝላቪያ የፈጸመችውን ግፍ፣ ወንጀለኞቹም ሳይጠየቁ መቅረታቸውን የሚናገር ነው። የጣሊያን መንግሥት ቴሌቪዥን ፊልሙን ገዛው፤ ከገዛው በኋላ ግን ለሕዝብ ሳያሳየው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ሰፊ ክፍሉ ለጣሊያን ተመልካች የደረሰው ከ14 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሌላ የግል ጣቢያ ነው። በተቃራኒው አንድ ፊልም በሰዓቱ ሲወጣ የሚያደርገውን እኛ በዓይናችን አይተናል፤ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የቀረጸበት ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

አሁን ወደ እኛ አካባቢ ልምጣ። ከሀደሮ ተነስቶ ዱራሜን አልፎ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ቁሊቶ ይደርሳል፤ ሀላባ ቁሊቶ። እዚያ ብላቴ ወንዝ ላይ ግንቦት 11 ቀን 1933 ትልቅ ውጊያ ተደርጓል። ከእንግሊዝ ጋር የመጣው «የንጉሡ አፍሪካውያን ተኳሾች» (ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ) የተባለው የእንግሊዝ ጦር ወደ ሶዶ ለመሄድ ወንዙን ሲሻገር ጣሊያኖች በታንክ መልሰው አጠቁት። ናይጀል ሊኪ የተባለ የኬንያ ነጭ ሰፋሪ፣ ማዕረጉ ሳጅን፣ ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ ክዳኑን ከፈተና በሽጉጥ ከሾፌሩ በቀር ያሉትን ገደለ፤ ከዚያ ሌሎቹን ታንኮች በእግሩ ሲያሳድድ ሞተ። ኅዳር 6 ቀን 1938 የእንግሊዝ መንግሥት ታሪኩን በጋዜጣው አትሞ የቪክቶሪያ መስቀል የተባለውን የጀግንነት ኒሻን ሰጠው። እኔ ያንን ጽሑፍ ሳነብ ዓይኔ የተተከለው አንድ መስመር ላይ ነው። ሊኪ በታንኮቹ ላይ ሲያደባ ብቻውን አልነበረም፤ አንድ አፍሪካዊ የሻምበል ሳጅን ሜጀርና ሌሎች ሁለት አፍሪካውያን ወታደሮች አብረውት ነበሩ። ስማቸው አልተጻፈም። በዚያው ቀን ከብት ይዞ ከብላቴ ዳር የሸሸው፣ ጥይት እርሻው ላይ የወረደበት የአካባቢው ሰው ደግሞ በጽሑፉ ውስጥ ጭራሹኑ የለም።

ያ ሰው ግን እኛ ዘንድ አለ፤ ወይም ልጁ አለ። በሀደሮ ገበያ፣ በሺንሺቾ፣ በሆሳዕና አንድ አዛውንት ዕድሜያቸው ሲጠየቁ ቁጥር ከመጥራት ይልቅ ጣሊያን ሲወጣ እረኛ ነበርኩ ይላሉ። እኛ ይህን ሰምተን ዕድሜያቸውን አስልተን እናልፋለን። መጠየቅ ያለበት ከዚያ በኋላ ነው፦ የት ነበር ከብት ያገዱት? በየትኛው መንገድ ወታደር ሲያልፍ አዩ? ማን ነበር ከመንደሩ ያልተመለሰው? በ1933 የአሥር ዓመት እረኛ የነበረ ሰው ዛሬ መቶ ሊሞላው ምን ቀረው? የሮሙ ፋይል ሌላ 50 ዓመት ይቆያል፤ ማቀፊያ ተደርጎለት፣ ሙቀቱ ተለክቶለት። አዛውንቱ አይቆዩም።

መሣሪያው በየኪሳችን አለ። የስልክ ድምፅ መቅጃ ይበቃል፤ ዋናው ሰውየው በሚያስብበት ቋንቋ፣ በከምባትኛ፣ በሀድይኛ ወይም በጠምባርኛ፣ ሳይቋረጥ እንዲናገር መፍቀድ ነው። ከዚያ የተናጋሪው ስም፣ ቀበሌው፣ ቀኑና የቀረጸው ሰው በቅጂው መጀመሪያ ላይ በድምፅ ይባል፤ ይህ ከሌለ ቅጂው ከ20 ዓመት በኋላ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ካሴትና የቪዲዮ ክርም ቶሎ ይገልበጥ፤ ክሩ በዕርጥበት ይላላል፣ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ነው። አንዱ ግልባጭ ቤተሰብ ዘንድ፣ አንዱ ሆሳዕና ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ አዲስ አበባ ወመዘክር ወይም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይግባ። የብላቴውን ውጊያ የሚያጠና ሰው አንድ ቀን የለንደኑን ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ሲመጣ ሊያዳምጠው የሚችል ድምፅ ከዚህ ክረምት በፊት መቀረጽ አለበት።