“ጨጓራ ነው” ተብሎ የሚታለፍ ሆድ

ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ሆዳቸው ተነፍቶ፣ እህል አልወርድ ብሏቸው ሲቸገሩ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። ልጅ “እማዬ፣ ጨጓራሽ ነው፤ በርበሬውን ተይው” ትላለች። ጎረቤት “ብርድ ገብቶባቸው ነው” ትላለች። መድኃኒት ቤት የተላከው ልጅ ኦሜፕራዞል ይዞ ይመለሳል። ሁሉም የሚናገሩት ከፍቅር ነው። በዚህ መሃል ግን ወራት ይነጉዳሉ፤ ጊዜ የማይሰጥ በሽታ ከሆነ ደግሞ አብሮ የሚነጉደው የመዳን ዕድል ነው። ከማረጥ በኋላ ስለሚመጣ ሲስትና የሆድ ችግር ብዙ ይወራል። ከሚወራው ሁሉ አንዱ ከሌሎቹ የከፋ ጉዳት ሲያደርስ ስላየሁ ሰፊውን ቦታ ለእሱ እሰጣለሁ።

ተረት፦ “ያረጠች ሴት ሆዷ ከተነፋ ጨጓራ ነው፤ የእንቁላል እጢዋ ሥራ ስላቆመ ከዚያ የሚመጣ ነገር የለም”

ተረቱ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ በኢትዮጵያ ከተመረመሩ ሰዎች በግማሽ ያህሉ ላይ እንደሚገኝ ጥናቶች ያሳያሉ። በጾም ወራት ሽሮ፣ ክክና ምስር ሲደጋገም ሆድ ቢነፋ የሚጠበቅ ነው። ብዙ ሴቶችም በማረጥ ሰሞን ሆዳቸው እንደሚደርቅና እንደሚነፋ ይናገራሉ። በዚህ ዕድሜ የሚጀመሩ መድኃኒቶችም ድርሻ አላቸው፤ የብረትና የካልሲየም እንክብል ሆድ ያደርቃል፣ የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ጋዝና ተቅማጥ ያመጣል፣ ለጉልበት ሕመም የሚዋጠው ዳይክሎፌናክ ጨጓራን ያቆስላል። ስለዚህ “ጨጓራ ነው” ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ግምቱ ቢሰምርለት አይገርምም።

ጉዳቱ የሚጀምረው ግምቱ የምርመራውን በር ሲዘጋ ነው። የፓይሎሪ ምርመራ ይታዘዛል፣ “ተገኝቶባቸዋል” ይባላል፣ የሁለት ሳምንት መድኃኒት ይሰጣል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል። በግማሹ ሰው ላይ የሚገኝ ባክቴሪያ በእኚህ እናት ላይ መገኘቱ ግን ሆዳቸውን የነፋው እሱ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። መድኃኒቱን ጨርሰው ሳይሻላቸው ሲመለሱ “ፓይሎሪው አልጠፋም” ተብሎ ሌላ ዙር ይጀመራል።

በሰፈራችን የነበሩ አንዲት እናት የገጠማቸው ይኸው ነው። ሁለቴ ዞሮ ጫፉ ይተርፍ የነበረው መቀነታቸው አልደርስ ብሏቸው በመርፌ ቁልፍ ያያይዙት ጀመር። ፊታቸውና ክንዳቸው ግን እየከሳ ነበር። ማዕድ ቀርበው ሁለት ሦስት ጉርሻ ከወሰዱ በኋላ “ጠገብኩ” ይላሉ፤ ሌሊት ለሽንት ደጋግመው ይነሳሉ። ሰዉ ሆዳቸውን እያየ “ተስማምቷቸዋል” ይል ነበር። ዓይነቱ የተለያየ የጨጓራ መድኃኒት ሲለዋወጥላቸው ከቆየ በኋላ አንዲት ወጣት ሐኪም አልጋ ላይ አስተኝታ ሆዳቸውን በእጇ ዳሰሰች። በአልትራሳውንድ ሲታይ ሆዳቸው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሟል፤ በእንቁላል እጢያቸው ላይም እብጠት አለ። ካንሰር ነበር፤ ያኔ ተሰራጭቷል።

እውነታ፦ የእንቁላል እጢ ከማረጥ በኋላ እንቁላል መልቀቅ ያቆማል፣ ይኮማተራል፣ ርዝመቱም ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ከቦታው ግን አይጠፋም። ውሃ የቋጠረ ከረጢት፣ ሲስት የምንለው፣ ሊወጣበት ይችላል። ካንሰርም ሊነሳበት ይችላል፤ እንዲያውም የእንቁላል እጢ ካንሰር በብዛት የሚታየው ያረጡ ሴቶች ላይ ነው። የእጢው ጎረቤቶች የሽንት ፊኛና አንጀት ናቸው። ሲስት ሲያድግ ፊኛውን ተጭኖ ሽንት ያቻኩላል፤ የታችኛውን አንጀት ተጭኖ ሆድ ያደርቃል። ካንሰር ከሆነ ደግሞ በሆድ ዕቃ ሽፋንና በሞራው ላይ ይሰራጫል፣ ውሃ ያቋጥራል። ያን ጊዜ ሆድ ይነፋል፤ ጨጓራም የሚሰፋበት ቦታ ስለሚያጣ ትንሽ እህል ያጠግባል። ስሜቱ የምግብ አለመፈጨት ይመስላል፤ መነሻው ግን ከጨጓራና ከአንጀት ውጭ ነው። ኢንዶስኮፒ የሚያየው የጨጓራን ውስጥ ስለሆነ “ደህና ነው” ሊል ይችላል። ኦሜፕራዞልም ለዚህ ምንም አያደርግለትም።

ታዲያ ተራው መነፋት ከአሳሳቢው በምን ይለያል? የሲያትሏ የማህፀን ካንሰር ሐኪም ባርባራ ጎፍና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ምልክቶቹን ለይተው አስቀምጠዋል፦ የሆድ መነፋት ወይም መተለቅ፣ ቶሎ መጥገብ ወይም ለመብላት መቸገር፣ የሆድ ወይም የዳሌ አካባቢ ሕመም። እነዚህ ከጀመሩ ዓመት ያልሞላቸውና በወር ከ12 ቀን በላይ የሚመጡ ከሆነ ሊመረመሩ ይገባል። ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የሽንት መቻኮልንም ጨምሮ ከሞላ ጎደል ይህንኑ ይላል። “የአንጀት መቆጣት ነው” የሚለውን ምክንያትም አስቀድሞ ይመልሳል፤ ይህ ችግር ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጀምረው እምብዛም ስለሆነ መጀመሪያ የእንቁላል እጢ ይታይ ይላል።

ሃያ ዓመት አብሮ የኖረ፣ በጾም የሚብስ፣ በፋሲካ የሚለቅ መነፋት አንድ ነገር ነው። አምና ያልነበረ፣ ጾም ተፈትቶም ያልለቀቀ፣ መቀነት የሚያሳጥር መነፋት ሌላ ነገር ነው።

አብዛኛው የሆድ መነፋት ካንሰር አይደለም፤ ይህን የምለው ለማጽናናት ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። የመዘግየቱ ዋጋ ግን ከባድ ነው። በአሜሪካ በተሰበሰበ መረጃ መሠረት የእንቁላል እጢ ካንሰር ከእጢው ሳይወጣ ከተደረሰበት ከአሥር ሴቶች ዘጠኝ ያህሉ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ርቆ ከተሰራጨ በኋላ ከተደረሰበት ግን ይህን ዕድል የሚያገኙት ሦስት ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የታካሚዋን ሆድ ሳይዳስስ ሌላ ዙር የጨጓራ መድኃኒት የሚጽፍ ባለሙያ ሲያጋጥመኝ ትዕግሥቴ ያልቃል። በቲክቶክና በቴሌግራም “ለጨጓራም ለሲስትም ፍቱን” እያሉ ጠርሙስ የሚሸጡትን ደግሞ ጭራሽ አልታገሣቸውም። እነሱ የሚሸጡት የእናቶቻችንን ጊዜ ነው።

ምን ይጠየቅ? “የማህፀንና የእንቁላል እጢ አልትራሳውንድ” ተብሎ በስሙ ይጠየቅ። ለጨጓራና ለጉበት የታዘዘ አልትራሳውንድ ብዙውን ጊዜ የሚያተኩረው የላይኛው ሆድ ላይ ስለሆነ “አልትራሳውንድ ተነስቻለሁ” ማለት ብቻ አይበቃም። ጥርት ያለውን ምስል የሚሰጠው በብልት በኩል የሚደረገው ነው። ብዙ እናቶች ይህን አፍረው ይሸሹታል። በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ምርመራ ነው፤ ሴት ባለሙያ እንድትመደብ መጠየቅም ነውር የለበትም። አብሮ የሚታዘዘው ሲኤ 125 የተባለው የደም ምርመራ ነው። ቁጥሩ ከ35 በላይ ሲሆን ያሳስባል፤ ብቻውን ግን ፍርድ አይሰጥም። የጉበት በሽታም፣ የልብ ድካምም፣ በአገራችን ያለው የሆድ ዕቃ ቲቢም ከፍ ያደርገዋል። የሆድ ቲቢ ውሃ ቋጥሮና ሰው አክስቶ ካንሰርን ቁርጥ አድርጎ ይመስላል፤ በመድኃኒት ግን ይድናል። ውሃው ወይም ሥጋው ተመርምሮ ሳይረጋገጥ “አልቆላታል” ማለትም እንደ “ጨጓራ ነው” ሁሉ ስህተት ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ እንያቸው።

ተረት፦ “ሲስት ተገኘ ማለት ካንሰር ነው”

እውነታ፦ አይደለም። የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ ከ15,000 በላይ ሴቶችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት 18 ከመቶ የሚሆኑት ላይ ባለ አንድ ክፍል ሲስት ተገኝቷል። ከእነዚህ ሲስቶች 70 ከመቶ ገደማ የሚሆኑት በራሳቸው ጠፍተዋል። በአንድ በኩል ብቻ ያለ፣ ግድግዳው ቀጭን፣ ውስጡ ውሃ ብቻ የሆነ፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ሲስት ሲኤ 125 ጤናማ ከሆነና ስሜት ከሌለው በየ4 እስከ 6 ወሩ እየታየ ይቆያል፤ በዓመቱ ካልተለወጠ ክትትሉ ሊቆም ይችላል። ሐኪም የሚያሳስበው ክፍልፋይ ያለው፣ ውስጡ ጠጣር ነገር የታየበት፣ በሁለቱም በኩል የወጣ ወይም ውሃ ያስከተለ ሲሆን ነው።

ተረት፦ “ቢላ ከነካው ይሰራጫል”

እውነታ፦ ጥቂት እውነት አለበት። ካንሰር ያለበት ሲስት በመርፌ ቢቀዳ ወይም በሥራ ላይ ቢፈነዳ ሕዋሳቱ ወደ ሆድ ዕቃ ሊፈስሱ ይችላሉ። ስለዚህ ነው ካረጡ በኋላ ሲስትን በመርፌ መቅዳት የማይመከረው፤ የሚያጠራጥር ከሆነም እጢው ሳይፈነዳ በሙሉ ይወጣል። ቀዶ ጥገናውን ፈርቶ መቅረት ግን ለካንሰሩ ሜዳውን መልቀቅ ነው።

ተረት፦ “ጥቁር አዝሙድና ማር ያሟሟዋል፣ መታሸት ያፈርሰዋል”

እውነታ፦ ሲስትን የሚያሟሟ ቅጠል፣ ማርም ሆነ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የለም። “ጠጥቼ ጠፋልኝ” የምትል ሴት አትዋሽም፤ ብዙው ሲስት ሳይነኩትም ይጠፋል። መታሸት ግን አደገኛ ነው፤ ትልቅ ሲስት ሲጫኑት ሊፈነዳ ይችላል።

ተረት፦ “የማህፀን በር ምርመራ አድርጌ ነፃ ነሽ ተብያለሁ”

እውነታ፦ የማህፀን በር ምርመራ ጥሩ ነገር ነው፤ የእንቁላል እጢን ግን አያይም። ምልክት ለሌላት ሴት በየዓመቱ ሲኤ 125 መለካትም መፍትሔ ሆኖ አልተገኘም። በእንግሊዝ ከ200,000 በላይ ሴቶችን የያዘው ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረገው ውጤት እንዲህ ያለው ምርመራ በካንሰሩ የሚሞቱትን ቁጥር አልቀነሰም። ስለዚህ የቀረን ምልክቱን ቶሎ መስማት ነው። እናቷ ወይም እህቷ የእንቁላል እጢ ወይም የጡት ካንሰር የነበረባት ሴት ይህን ለሐኪሟ አስቀድማ ትንገር።

ተረት፦ “ደም ታየኝ፤ ወር አበባዬ ተመለሰ”

እውነታ፦ ወር አበባ ሙሉ 12 ወር ከቆመ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ ወር አበባ ተብሎ አይታለፍም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንዳንዴ ግን የማህፀን ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ነው። በዚያው ሳምንት መታየት አለበት።

ተመርምረው “ሲስቱ ተራ ነው፤ እየተከታተልን እንቆይ” ለተባሉ እናቶች የሆዱን ችግር በቤት ማቅለል ይቻላል። ጥራጥሬውን አድሮ እስኪርስ ዘፍዝፎ ውሃውን ደፍቶ መቀቀል ጋዙን ይቀንሳል። በአንዴ ብዙ ከመብላት ትንሽ ትንሽ ደጋግሞ መብላት ይሻላል። ለድርቀት ጎመን፣ ገብስና ቴልባ ይረዳሉ፤ ቴልባ ግን በቂ ውሃ ካልተጠጣበት ራሱ ያደርቃል። ከምግብ በኋላ ትንሽ መራመድ አንጀትን ያነቃቃል። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በከረጢት ይዘው ለሐኪም ያሳዩ፤ አንዱን መቀየር ብቻ ሊበቃ ይችላል። ድንገት የሚጀምር ኃይለኛ የታችኛው ሆድ ሕመም ማስመለስ ከጨመረበት ግን እጢው ተጠማዝዞ ሊሆን ስለሚችል ቀን ሳይቆጥሩ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መሄድ ነው። ሰገራ ላይ ደም ከታየ ወይም ሰውነት ያለ ምክንያት ከከሳ ሲስቱን ብቻ ሳይሆን አንጀቱንም ማስመርመር ያስፈልጋል።

ልጆች ሆይ፣ አጠገባቸው ብትሆኑም ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ብትደውሉም እናታችሁ “ደህና ነኝ፤ ይቺ ጨጓራዬ ናት” ሲሏችሁ ጥያቄውን በዚያ አታቁሙት። መቼ ጀመረሽ፣ በወር ስንት ቀን ያምሻል፣ ስትበዪ ቶሎ ትጠግቢያለሽ፣ ሌሊት ለሽንት ትነሺያለሽ ብላችሁ ጠይቁ። ነገሩ አዲስ ከሆነና ካልለቀቀ ለሌላ ዙር የጨጓራ መድኃኒት የምትልኩትን ገንዘብ ለማህፀንና ለእንቁላል እጢ አልትራሳውንድ ላኩት። ውጤቱ “ምንም የለም” ቢል የከሰራችሁት የአንድ ምርመራ ዋጋ ነው።