ሄልሜት ሰፋብን? እንሙላው እንጂ አንፋቀው
ከዲላ ጪጩ በሞተር የምንመላለስ ልጆች፣ ሄልሜታችንን አስረን ጭንቅላታችንን እንነቅንቅ። ብቻውን ከዞረ ሰፍቶናል። በርካሽ የገዛነው ላይ ይሄ የተለመደ ነው።

ትንሽ ከሆነ የሰፋው፣ ከጨርቁ ሽፋን ስር በጉንጭና በጎን በኩል ቀጭን ስፖንጅ እንጨምር። የድሮ ዘመን ወታደሮችም ከብረት ቆባቸው ስር ጥጥ የተሞላ ጨርቅ ያደርጉ ነበር። በጣም ከሰፋ ግን ስፖንጅ አያድነንም፣ በልካችን እንቀይረው።

ጠበበን ብለን ደግሞ ውስጡ ያለውን ጠንካራ ፎም በቢላ እንዳንፍቀው! ስንወድቅ ምቱን የሚውጥልን እሱ ነው፤ የሚውጠውም ራሱ ተጨፍልቆ ነው። አንዴ ከባድ ምት የቀመሰ ሄልሜት ከላይ ደህና ቢመስልም የማይታመነው ለዚህ ነው።

ማሰሪያው? አገጭ ስር ሁለት ጣት ብቻ እስኪያስገባ ይጥበቅ። ያልታሰረ ሄልሜት ገና መሬት ሳንደርስ ከጭንቅላታችን ይወልቃል።