አንጎልን አቀዝቅዞ ለመቁረጥ ስለሚደረግ ዝግጅት



በአሜሪካ አገር ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል ሰው ነበር። ጽኑ የሚጥል በሽታ ስለ ነበረበት፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ዶክተር ዊልያም ስኮቪል ከአንጎሉ ከግራና ከቀኝ ጥቂት ክፍል አወጡለት። በሽታው ቀለለለት፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር በልቡ መያዝ ተሳነው። ያነጋገረውን ሰው ጥቂት ቆይቶ አያስታውሰውም ነበር። ሊቃውንት ከ50 ዓመት በላይ ካጠኑት በኋላ፥ በ2008 መጨረሻ በ82 ዓመቱ ዐረፈ፤ አንጎሉም አስቀድሞ በተሰጠው ፈቃድ መሠረት ለምርምር ዋለ። ይህ አንጎል ምትክ የለውም፤ ቢበላሽ ሌላ አይገኝም። እንግዲህ እንዲህ ያለው ነገር ስስ ሆኖ እንዲቆረጥ የሚዘጋጀው እንዴት ነው?

አንጎል በተፈጥሮው እጅግ ለስላሳ ነው፤ ከሞት በኋላም ፈጥኖ ይፈርሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ፎርማሊን በተባለው መድኃኒት ውስጥ ማኖር ነው። ፎርማሊን የአንጎሉን ፕሮቲን እርስ በርሱ አያይዞ ያጸናዋል፤ መበስበሱንም ይገታል። ለትንሽ ቁራጭ አንድ ሁለት ቀን ሲበቃ፥ ሙሉ የሰው አንጎል ግን ሳምንታት ይፈልጋል። የፎርማሊን ትነት ዓይንንና ሳንባን የሚጎዳ፥ ለካንሰርም የሚያጋልጥ ስለ ሆነ፥ ሠራተኛው ጓንት አጥልቆ፥ አየር በሚገባ በሚመላለስበት ሥፍራ ይሠራል።

ይሁን እንጂ ፎርማሊን ያጸናው አንጎል እንኳ ስስ ሆኖ ለመቆረጥ ገና ለስላሳ ነውና፥ በቅዝቃዜ ማጠንከር ያስፈልጋል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ውኃ ሞልቶ የተከደነ ጠርሙስ በረዶ በሚሠራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያድር ይሰነጠቃል፤ ውኃ በረዶ ሲሆን ይሰፋልና። የአንጎልም አብዛኛው ክፍል ውኃ ነው። ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረው የበረዶ መርፌ ሥጋውን ይበሳዋል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይም እንደ ወንፊት ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ያን ጊዜ በሽታ የጎዳውን፥ በረዶ ከጎዳው ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል።

መከላከያው በየቤታችን የሚገኘው ስኳር ነው። አንጎሉ በጨዋማ ውኃ ከታጠበ በኋላ፥ ከመቶው 30 እጅ ስኳር በሆነ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ አንዳንዶች ከ10 ጀምረው ወደ 20፥ ከዚያም ወደ 30 ከፍ ያደርጉታል። ስኳሩ ወደ ውስጥ እየሰረገ፥ ውኃው ትልልቅ የበረዶ መርፌ እንዳይሠራ ያግደዋል። ጊዜው መድረሱን የሚያስታውቀው አንጎሉ ራሱ ነው፤ በመጀመሪያ ይንሳፈፋል፥ ስኳሩን ሲጠግብ ግን ይሰጥማል። ሳይሰጥም የቸኮለ ሠራተኛ፥ ያተረፈውን ሰዓት በኋላ በቀዳዳ ይከፍለዋል።

ከዚህ በኋላ በደረቅ በረዶ ወይም እጅግ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ፈጥኖ እንዲጠነክር ይደረጋል፤ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ በረዶው ይገዝፋልና። ማይክሮቶም በሚባለው መቁረጫ ላይ ሲደረግም ቅዝቃዜው ልከኛ መሆን አለበት፤ ከመጠን ቢያልፍ ይሰነጣጠቃል፥ ቢያንስ ደግሞ በቢላዋው ፊት ይጨማደዳል። የተቆረጠው ስስ ቅጠል በለስላሳ ብሩሽ ተነሥቶ በጨዋማ ውኃ ውስጥ ይኖራል።

የሞላይሰን አንጎል በፎርማሊንና በስኳር ሲዘጋጅ ቆይቶ፥ የተቆረጠው ካረፈ ከአንድ ዓመት በኋላ፥ በታኅሣሥ 2009 በካሊፎርኒያ በሳን ዲዬጎ ከተማ ነበር። በዶክተር ጃኮፖ አኔዜ መሪነት በ53 ሰዓት 2,401 ቅጠል ወጣ፤ የእያንዳንዱ ውፍረት አንድ ሚሊሜትር ለ1,000 ቢከፈል 70 እጅ ብቻ ነው። በ2014 በታተመው ውጤት፥ ተቆርጦ ወጥቷል ተብሎ በመጀመሪያ ከተገመተው ሥፍራ ጥቂት የማይባለው እንደ ቀረ ታወቀ፤ በግራው ግንባር በኩልም ያልተጠበቀ ትንሽ ጠባሳ ተገኘ።

አንባብያን ሆይ፤ ሥጋው በበረዶ ተበስቶ ቢሆን ኖሮ፥ ያን ትንሽ ጠባሳ አምኖ ለመመስከር ማን በደፈረ? ስለዚህ ቢላዋው ምንም ቢሳል፥ የሚያሳየው ዝግጅቱ የጠበቀውን ብቻ ነው።