ቲማቲም የሚተነፍሰው አየር

በኔዘርላንድስ ዌስትላንድ፣ በመስታወት ቤት ውስጥ ቲማቲም እንከባከባለሁ። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያውን ነው። የውጭ አየር ከሚሊዮን እጅ 420 ያህሉ ይህ ጋዝ ነው፤ እኛ ወደ 800 እናደርሰዋለን። ተክሉ ጋዙንና ውኃውን በብርሃን ኃይል ስኳር ያደርገዋል። ጋዙ ሲበዛ ከፍ ያለ ሙቀትም ይጠቅመዋል፤ ስለዚህ ፀሐይ በደመቀች ቀን እስከ 25 ዲግሪ እንተወዋለን። ሌሊት ብርሃን የለምና ጋዙን ዘግተን ሙቀቱን እንቀንሳለን። የሚያንገበግበኝ የሐምሌ ሙቀት ነው፤ ለማቀዝቀዝ መስኮት ስንከፍት የደከምንበት ጋዝ አብሮ ይወጣል። ጋዙ ሽታ የለውም። ለስምንት ሰዓት ሥራ የተፈቀደው ጣሪያ ከሚሊዮን እጅ 5000 ስለሆነ፣ የማስጠንቀቂያ ደወሉን ሳልፈትሽ ሥራ አልጀምርም። ከምርቱ በፊት የባልደረቦቼ እስትንፋስ ይቀድማል።