የአሸንዳ ውኃና የቤት ፍሳሽ በሰንጋ ተራ

ሰንጋ ተራ፥ ስሙ እንደሚያስታውሰው የሰንጋ ከብት ሠፈር፥ ዛሬ በ2014 ዓ. ም. የተመረቀውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የመሳሰሉ ረጃጅም ሕንፃዎች የቆሙበት ሆኗል። በእንዲህ ባለ ሠፈር ከምድር በታች መጋዘን የያዘ ነጋዴ ክረምት ሲገባ የሚጠነቀቀው ከደጅ ለሚመጣው ጎርፍ ነው። ይበልጥ የሚያስከፋው ግን ከመጸዳጃ ቤቱ ወለል ሽቅብ የሚወጣው ውኃ ነው።

በአዲስ አበባ ሁለቱ ውኃ በየራሳቸው መንገድ እንዲሄዱ ታስቧል። የዝናቡ ውኃ ከአሸንዳ ወደ ቦይ፥ ከቦይም በመንገድ ዳር ወደ ተቀበረው ሰፊ ቱቦ ገብቶ፥ ሳይጣራ እንደ ባንተ ይቅጡ ወደ መሰሉት ወንዞች ይወርዳል። የወጥ ቤትና የመጸዳጃ ፍሳሽ ግን መስመሩ በደረሰበት ሁሉ በጠባብና በዝግ ቱቦ ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ ይሄዳል፤ ይኸውም መጀመሪያ ለ50,000 ሰው ያህል ታስቦ የተሠራው ሲሆን፥ በ2010 ዓ. ም. ገደማ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተስፋፍቷል። መስመር ያልደረሰው ቤት በሴፕቲክ ታንክ ያጠራቅማል፤ ዝቃጩ ከታች ይቀራል፥ የቀለለው ውኃ ወደ መሬት ይሰርጋል። ጥቁር የኮትቻ ዐፈር ባለበት ግን ውኃው እንደ ልብ ስለማይሰርግ መምጠጫ መኪና ቶሎ ቶሎ መጥራት ግድ ነው። ለንደን ሁለቱን ውኃ በአንድ ቱቦ ሲያስኬድ የኖረ ከተማ በመሆኑ፥ ዝናብ በበዛ ቁጥር ፍሳሹ ወደ ቴምዝ ወንዝ ይገነፍል ነበር፤ ይህን ለመቀነስ የተቆፈረው 25 ኪሎ ሜትር ዋሻ ሙሉ በሙሉ የተገናኘው ገና በ2017 ዓ. ም. ነው።

የፍሳሹ ቱቦ ጠባብ የሆነው በስሌት እንጂ በንፍገት አይደለም። ዐሥር ሰው የሚኖርበት ቤት፥ እያንዳንዱ በቀን 60 ሊትር ቢያፈስ፥ 600 ሊትር ይሆናል። የዚያው ቤት ጣራ 200 ካሬ ሜትር ቢሆንና በነሐሴ በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት ግን 6,000 ሊትር ይሰበስባል። የዐሥር ቀን ፍሳሽ በአንድ ሰዓት መጣ ማለት ነው።

እንግዲህ አሸንዳውን እስከ ቦዩ ለማድረስ ወጪ የከበደው ባለ ቤት በግቢው ያለውን የፍሳሽ ማንሆል ከፍቶ የአሸንዳውን ቱቦ ቢከትበት፥ ያ ሁሉ ውኃ ላልተመጠነለት መስመር ይገባል። ቱቦው ሲሞላ ውኃው መውጫ ይሻል፤ ከጎዳናው ማንሆል ክዳን ዝቅ ብሎ የተሠራ መጸዳጃ ወይም የወለል ቀዳዳ ካገኘ በዚያ ይወጣል። ከተማው ከእንጦጦ ወደ አቃቂ የሚያዘቀዝቅ በመሆኑ ጥፋቱን የሚሠራው ላይኛው፥ ዕቃው የሚርሰው የታችኛው ነው፤ ነገሩ ሳይስተካከል ብዙ ክረምት የሚቆየውም በዚሁ ነው። የራሰ ስኳርና ሲሚንቶ ይጣላል፤ ፍሳሽ የነካው ጨርቅም ቢታጠብ እንኳ ገዢው አንድ ጊዜ ካወቀ አይነካውም።

በአንጻሩ ፍሳሹን ወደ ዝናብ ቦይ የሚለቅም አለ፤ በተለይ የምግብ ቤት ቅባት በቦዩ ውስጥ ይረጋና ክረምት ሲመጣ መንገዱን ይዘጋዋል።

ከምድር በታች ያለ ክፍል የሚከራይ ነጋዴ ውል ከመፈረሙ በፊት በአሸንዳው ጥቂት ባልዲ ውኃ አስፈስሶ በየትኛው ክዳን ሥር እንደሚያልፍ ቢመለከት ከብዙ ሙግት ይድናል። መጸዳጃው ከማንሆሉ ክዳን ዝቅ ያለ ከሆነ ውኃን ወደ ውጭ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ያስገጥም፤ ዕቃውንም ከወለሉ ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ይደርድር። ቫልቩም ቢሆን በየዓመቱ በግንቦት ካልተጠረገ፥ ጨርቅና ፀጉር ስለሚይዘው እንደ ተከፈተ ይቀራል።